ሕፃን በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ፦ ወላጅ ምን ያድርግ?

ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድንገት ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ጥርሱን ይነክሳል፤ መላ ሰውነቱ ይገተራል፤ ከዚያም እጁና እግሩ ይንቀጠቀጣል። ከአፉ አረፋ ሊወጣ፣ ሽንት ሊያመልጠው፣ ከንፈሩም ሊጠቁር ይችላል። ይህን ያየች እናት «ልጄ ሞተብኝ!» ብላ ብትጮኽ አይፈረድባትም። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ውኃ ያመጣል፣ ሌላው ክብሪት ይጭራል፣ ሌላው ማንኪያ ፍለጋ ይሮጣል። በዚህ ሁሉ ግርግር ለሕፃኑ የሚጠቅመው ሳይደረግ፣ የሚጎዳው ይደረጋል።

ለቤተሰብ ምጣኔ፣ ለእርግዝና ክትትልና ለክትባት ወደ ክሊኒክ የሚመጡ እናቶችና አባቶች ስለዚህ ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዚህ እትም ሕፃናትን በትኩሳት ጊዜ ስለሚያንቀጠቅጣቸው ድንገተኛ ሕመም እናስረዳለን። ከጽሑፉ ሁለት ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ በቂ ነው። አንደኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደረገው ነገር ጥቂትና ቀላል መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ መንቀጥቀጡ ቢያቆምም ልጁን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድና ባለፉት ሳምንታት የት እንዳደረ መናገር የግድ መሆኑን ነው። በተለይ ይህ ሁለተኛው ነገር ለእኛ ለጨንቻ ሰዎች ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

መንቀጥቀጡ ምንድን ነው?

የሕፃን አእምሮ ገና በማደግ ላይ ያለ ነው። ትኩሳት ሲነሣበት በአእምሮው ውስጥ ያሉት ነርቮች ለአጭር ጊዜ ሥርዓታቸው ተዛብቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት ይልካሉ። በዚህ ጊዜ ጡንቻዎች ያለ ፈቃድ ይገተራሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፤ ልጁም ራሱን ይስታል። ይህ የሚደርሰው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከ100 ሕፃናት መካከል ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ ይህን ያየ ቤተሰብ አይጠፋም፤ ብዙዎች ግን ስለማይናገሩት እያንዳንዱ ወላጅ በእሱ ልጅ ላይ ብቻ የደረሰ ይመስለዋል።

አብዛኛውን ጊዜ መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ሳይሞላ በራሱ ያቆማል። ከዚያ ልጁ ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ቀስ በቀስም ይነቃል። እንዲህ አጭር ሆኖ ከትኩሳት ብቻ የመጣ መንቀጥቀጥ የልጁን አእምሮ አይጎዳም። የሚጥል በሽታም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ከያዛቸው ሕፃናት መካከል ሲሦ ያህሉን በሌላ የትኩሳት ጊዜ ሊደግማቸው ይችላል፤ ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ግን ይተዋቸዋል።

ይህ ሕመም ቡዳ አይደለም፤ ጋኔን የለከፈውም አይደለም። ከአፉ የሚወጣው አረፋም ወደ ሌላ ሰው በሽታ አያጋባም፤ ሕፃኑ ምራቁን መዋጥ ስላልቻለ የተጠራቀመ ምራቅ ነው። ስለዚህ ልጁን ለመያዝ የሚፈራ፣ ከአጠገቡም የሚሸሽ ሰው ሊኖር አይገባም።

ታዲያ ራሱ የሚያቆም ከሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ለምን አስፈለገ? መልሱ፣ ትኩሳቱን ያመጣው በሽታ ምን እንደሆነ በዓይን ስለማይለይ ነው። ትኩሳቱ ከተራ ጉንፋን ወይም ከጆሮ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ከወባ፣ ከማጅራት ገትር ወይም ከሳንባ ምችም ሊመጣ ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሕፃን ይገድላሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባዘጋጁትና በአገራችንም በሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፣ መንቀጥቀጥ ከአራቱ ዋና ዋና የአደጋ ምልክቶች አንዱ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስታወክ፣ እንዲሁም መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት ናቸው። ከአራቱ አንዱ እንኳ የታየበት ሕፃን ቤት ውስጥ አያድርም።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደረግ

1. ልጁን ከምድጃው፣ ከድንጋይና ከሹል ነገር አርቀው መሬት ላይ ወይም አልጋ ላይ ያስተኙት። ከሥሩ ልብስ ያንጥፉለት።

2. በጎኑ ያስተኙት። ፊቱ ወደ ጎን፣ አፉም ወደ ታች ዘንበል ይበል። ምራቅ ወይም ትውከት ወደ ውጭ እንዲፈስና ወደ ሳንባው እንዳይገባ የሚያደርገው ይህ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ይህ ስለሆነ ሌላው ቢረሳዎት ይህን አይርሱ።

3. በአንገቱ ዙሪያ ያለውን ልብስ ያላሉ። እኛ ደጋ ስለምንኖር የታመመ ሕፃን በጋቢና በቡሉኮ ደራርበን የመሸፈን ልማድ አለን። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግን ይህ ይበልጥ ያግለዋል። አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል። ቤቱ በጭስ የታፈነ ከሆነ በሩን ይክፈቱ።

4. ሰዓት ወይም ስልክ ካለ መቼ እንደጀመረ ይመልከቱ። በጭንቅ ጊዜ አንድ ደቂቃ እንደ አንድ ሰዓት ስለሚረዝም ሰዓት ማየት ይጠቅማል። 5 ደቂቃ አልፎ ካላቆመ፣ እንዳይቆም ተደርጎ ሳይጠበቅ፣ በጎኑ እንደተኛ ተይዞ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ወዲያውኑ ይወሰድ። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል መንቀጥቀጡን የሚያቆም መድኃኒት አለ።

5. ከልጁ አጠገብ አይለዩ። ሌላ ሰው ልከው መጓጓዣ ያስፈልጉ።

ፈጽሞ የማይደረግ

• በጥርሱ መካከል ማንኪያ፣ እንጨት ወይም ጣት አያስገቡ። «ምላሱን ይውጣል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ሰው ምላሱን ሊውጥ አይችልም። ምላሱን ቢነክስ እንኳ ቁስሉ ይድናል። የተሰበረ ጥርስ ወደ ሳንባ ቢገባ ግን አደጋው ይከፋል።

• በአፉ ውኃ፣ ወተት፣ ጠበል ወይም መድኃኒት አይስጡ። ራሱን የሳተ ልጅ መዋጥ ስለማይችል ሊታነቅ ይችላል።

• እጅና እግሩን በኃይል አይያዙት፣ አይሰሩት።

• ክብሪት ጭረው፣ ሽንኩርት ወይም ጭስ አያሽትቱት። መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ትንፋሹን ግን ያፍነዋል።

• ቀዝቃዛ ውኃ አይድፉበት። በተለይ በእኛ ብርድ ልጁ ይንዘፈዘፋል፤ የውስጥ ሙቀቱም ይብስበታል እንጂ አይበርድም።

• ትኩሳቱ እንዲተወው በማለት እንጥል አያስቆርጡ፣ ግግ አያስወጡ። ከእነዚህ የሚገኘው ቁስል፣ ደም መፍሰስና መመረዝ ነው።

ደጋ ኖሮ የቆላ በሽታ

ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። አርባ ምንጭ ደግሞ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጠዋት ከብርድ የተነሣ ሰው ከቀትር በፊት ሙቀት ውስጥ ይገባል።

በአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ነው። ስለዚህ የጨንቻ ሰው «እኛ ዘንድ ወባ የለም» ቢል አልተሳሳተም። የሚያሳስተው ከዚህ ተነሥቶ «የእኔን ልጅ ወባ አይዘውም» ማለቱ ነው። በጫኖ፣ በላንቴ፣ በሸሌ ወይም በአርባ ምንጭ ከተማ ከአክስቱ ወይም ከአያቱ ዘንድ ጥቂት ሌሊት ያደረ ሕፃን ወባውን በደሙ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ትንኟ ከነከሰችው በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። በዚህ መካከል ልጁ ጤነኛ ሆኖ ይጫወታል፤ ቤተሰቡም ጉዞውን ይረሳል። ትኩሳቱ ሲነሣ «ብርድ መታው» ወይም «ምች ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል።

ወቅቱንም ልብ ማለት ያሻል። በአገራችን ዋናው የወባ ጊዜ ከክረምቱ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ለጋሞ ሕዝብ ትልቁ በዓል መስቀልም የሚውለው በዚሁ ወቅት መጀመሪያ ነው። ለበዓሉ ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል፤ ከቆላ ወደ ደጋ ሕፃናት ይዞ የሚወጣ፣ ከበዓሉ በኋላም ዘመዱን ተከትሎ የሚወርድ ብዙ ነው። ሁለተኛው፣ አነስ ያለው ወቅት በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ይመጣል።

የደጋ ልጅ በወባ ሲያዝ ይበልጥ የሚጎዳው ሰውነቱ በሽታውን ስለማያውቀው ነው። ይህ በታሪካችን በከባድ ሁኔታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 (በ1950 እና በ1951 ዓ.ም.) ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳላቸው፣ ብዙም ወደማያውቁት አካባቢዎች ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በሽታው ዛሬም ከአገራችን አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል።

ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ይዘው ሲመጡ፣ ባይጠየቁም እንኳ ይናገሩ፦ «ልጄ ባለፈው ወር ከዚህ ወርዶ አድሯል፤ ይህን ያህል ሌሊት በዚህ ቦታ ቆይቷል።» ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ባለሙያው ቶሎ የደም ምርመራ እንዲያደርግ ያሳስበዋል። ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ወባ አእምሮን ሲያጠቃም መጀመሪያ የሚታየው መንቀጥቀጥ ሊሆን ስለሚችል፣ የሰዓታት መዘግየት የሕይወትና የሞት ልዩነት ያመጣል።

ወደ ጤና ተቋም ሲጓዙ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተቋቁሟል። ጤና ኬላው ቅርብ ከሆነ በዚያ በኩል ይለፉ። ባለሙያዋ ደሙን መርምራ፣ እንደ አስፈላጊነቱ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትልከዋለች። ጤና ጣቢያው ወይም ጨንቻ ሆስፒታል የሚቀርብ ከሆነ ግን በቀጥታ ይሂዱ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ አርባ ምንጭ ይላካል። የመላኪያ ወረቀት ሲሰጥዎ «ነገ እሄዳለሁ» አይበሉ፤ ወረቀቱ የተጻፈው ለዚያው ሰዓት ነው።

ስለ አያያዙም አንድ ነገር እናሳስብ። ራሱን የሳተ ወይም ገና ያልነቃ ልጅ በጀርባ አይታዘልም። ታዝሎ በጋቢ ከተሸፈነ አንገቱ ታጥፎ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል፤ እናቲቱም አታየውም። ፊቱ እየታየዎት፣ በጎኑ እንደተኛ፣ በክንድዎ ከፊት ይያዙት። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ሲችል በመንገድም ቢሆን ጡት ያጥቡት። ሆዱ ባዶ የሆነ የታመመ ሕፃን በደሙ ያለው ስኳር ስለሚያንስ፣ ይህ ራሱ መልሶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

የክትባት ካርዱንና ቤት ውስጥ የሰጡትን መድኃኒት ከነብልቃጡ ይዘው ይሂዱ። ለባለሙያው የሚከተሉትን ይንገሩ፦ ትኩሳቱ መቼ ጀመረ? ስንት ደቂቃ ተንቀጠቀጠ? መላ ሰውነቱን ነው ወይስ አንድ ጎኑን ብቻ? በ24 ሰዓት ውስጥ ደገመው ወይ? አንድ ጎን ብቻ የሚያንቀጠቅጥ፣ ከ15 ደቂቃ የሚበልጥ ወይም በአንድ ቀን የሚደግም ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን ከተንቀጠቀጠ ደግሞ እንደ ተራ የትኩሳት መንቀጥቀጥ አይቆጠርም፤ ሳይዘገይ ሆስፒታል ይድረስ።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

ልጁ ድኖ ቤት ገብቶም የወላጅ ፍርሃት ወዲያው አይለቅም። ሌሊት እየተነሡ ትንፋሹን ማዳመጥ፣ ግንባሩን መዳሰስ፣ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መደንገጥ የብዙ እናትና አባት ጠባይ ነው። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ በጊዜም ይቀላል። እናትና አባት ተራ ገብተው ቢጠብቁት ሁለቱም እንቅልፍ ያገኛሉ።

በኋላ ልጁ ሲተኩሰው ፓራሲታሞል ሊሰጠው ይችላል። መጠኑ በኪሎው የሚወሰን ስለሆነና የሽሮፑም ጥንካሬ ከብልቃጥ ብልቃጥ ስለሚለያይ፣ ስንት እንደሚሰጥ ባለሙያው በማንኪያ ለክቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። አስፕሪን ለሕፃን አይሰጥም። ፓራሲታሞል ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ መንቀጥቀጡ እንደማይመለስ ዋስትና አይሆንም፤ በሽታውንም አያድንም። ስለዚህ መድኃኒቱን ሰጥተው ልጁን ቤት አያስቀሩት።

ከሕመሙ ይልቅ ወሬው የሚጎዳው ቤተሰብም አለ። «ዓይን በላው»፣ «እናቲቱ ሳትጠነቀቅ ቀርታ ነው»፣ «የሚጥል በሽታ በዘራቸው አለ» ይባላል። ይህን የሚሉ አማት፣ ጎረቤት ወይም ዘመድ ካሉ ይህን ጽሑፍ ያንብቡላቸው። እናቲቱ ጥፋት የለባትም። ልጁም ሲያድግ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፣ ይማራል። ምናልባት ትኩሳት ሳይኖረው እየደጋገመ የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ግን የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። እሱም ቢሆን መድኃኒት ያለው ሕመም እንጂ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

አስቀድሞ መዘጋጀት

ክፉ ቀን ሳይመጣ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ሊነጋገሩባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የውሳኔ ጉዳይ ነው። ከጨንቻና ከዶርዜ ብዙ አባቶች ለሽመና ሥራ አዲስ አበባና ሌላም አገር ይሄዳሉ። ልጅ ሲታመም እናቲቱ «አባቱ ሳይሰማ» ወይም «አማቴ ሳይፈቅዱ» ብላ ከጠበቀች ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ አባት ከመሄዱ በፊት «ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም ከፈዘዘ ማንንም ሳትጠብቂ ይዘሽው ሂጂ» ብሎ በዘመድ ፊት ይናገር። ይህ ቃል ለቤተሰቡ ከሚልከው ገንዘብ አያንስም።

ሁለተኛው የገንዘብና የመጓጓዣ ነገር ነው። የጤና መድን አባል ከሆኑ ደብተሩን በጊዜ ያሳድሱ። ሌሊት ሊወስድዎ የሚችለው ባለ መኪና ወይም ባለ ሞተር ማን እንደሆነ፣ የአምቡላንሱም ስልክ ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ ከጤና ኬላው ጠይቀው በግድግዳ ላይ ይጻፉ።

ሦስተኛው መከላከል ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ከማጅራት ገትርና ከሳንባ ምች መንሥኤዎች ዋና ዋናዎቹን ይከላከላሉ። ከክትባት በኋላ ትንሽ ትኩሳት ቢነሣ ተከታዩን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ልጅ ይዘው ቆላ ሲወርዱም በመድኃኒት በተነከረ አጎበር ሥር ያስተኙት፤ ዘመድ ቤት አጎበር ከሌለ ይዘው ይሂዱ።

አራተኛው ዘወትር የምንመክረው የልጆች መራራቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ከመሞከሯ በፊት ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል። ተቀራርበው የሚወለዱ ልጆች ክብደታቸው አነስተኛ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ትልቁም ጡት በጊዜ ይነጠቃል። አንዱን በሆዷ፣ አንዱን በጀርባዋ የያዘች እናት ሦስተኛው ድንገት ሲወድቅባት እንዴት አድርጋ ትሮጣለች? መርፌውን፣ ኪኒኑን፣ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፑን መርጦ ልጆችን ማራራቅ፣ ለታመመው ልጅ ነፃ ክንድ ማስቀረት ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ማታ ለቤተሰብዎ ያስረዱ። ሕፃናትን የሚጠብቁ አያቶችና ታላላቅ ልጆችም ይስሙት። ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ እንደ ልጅ አድርገው በጎን ማስተኛትን ያሳዩአቸው። በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ወዲያው ይዛችሁት ሂዱ፤ የት እንዳደረ ተናገሩ። እነዚህን አራት ነገሮች በቤትዎ ያለ ሁሉ በቃሉ ይያዝ።